ያልታደሰ አሮጌ የስፖርት ኦቶሞቢል ሲገዛ የአካሉን ጉድፍ ስለ መመዘን

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ሁለት ኪሣራዎች ያሰጉታል። አንደኛው መልኩ የጎደፈውን ደኅና ዕቃ ንቆ መተው ነው፤ ሁለተኛው መልኩ ያማረውን ብልሹ ዕቃ ከሚገባው በላይ ከፍሎ መውሰድ ነው። ከሁለቱም የሚከፋው የኋለኛው መሆኑ የታወቀ ነው፤ የፊተኛው ሳይገኝ የቀረ ትርፍ ሲሆን የኋለኛው ግን ከካዝና የወጣ ገንዘብ ነውና። ይህን ነገር እጅግ ግልጽ አድርጎ ከሚያስተምሩት የንግድ ዓይነቶች አንዱ የአሮጌ የስፖርት ኦቶሞቢል ንግድ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሳምንት ትምህርታችን የመኪናው የውጭ አካል ጉድፍ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት በገንዘብ እንደሚተመን ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እናስረዳለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። የኢትዮጵያ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2024 ስላስታወቀ፥ ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መኪና ለማስመጣት የሚያበረታታ አይደለም። የሚጠቅመው በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚነግዱ ወይም በዚያ ወኪልና ዘመድ ኖሯቸው መኪናውን በቆመበት አገር ገዝተው በዚያው ለሚሸጡ፥ እንዲሁም ከቀድሞ ጀምሮ በአገራችን የሚገኝ አሮጌ መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ ነው። የምርመራው ሥርዓት ግን ማናቸውንም ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ባለሱቅ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ያልታደሰ ማለት ምን ማለት ነው

ያልታደሰ የሚባለው መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ቀለም፥ የተገጠመለት ላሜራና የተለበጠበት መቀመጫ በአብዛኛው እንዳለ የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከዕድሜው የተነሣ ጉድፍ የሌለበት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት መኪና አቅርቦ አንዲት ጭረት ሳትኖርበት «ያልታደሰ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፥ ገዢው ከመደሰት ይልቅ መጠራጠር ይገባዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ።

ቀድሞ አሮጌ መኪና የሚገዙ ሰዎች አብዛኛዎቹ ፈታትተውና እንደ አዲስ ቀብተው ማሳመርን ይወዱ ነበር። በኋላ ግን የገዢዎች ፍላጎት ተለወጠ። በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (በምሕጻረ ቃል ፊቫ) በ2012 ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር፥ ጥንታዊ መኪና በተቻለ መጠን ከነመጀመሪያ አካሉ ተጠብቆ እንዲቈይ ይመክራል። ገበያውም በዚሁ መንገድ ተጕዟል። በ2014 በምዕራብ ፈረንሳይ በአንድ የገጠር ርስት ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ቆመው የኖሩ ስድሳ ያህል መኪኖች ተገኝተው በፌብሩዋሪ 2015 በፓሪስ በጨረታ ሲሸጡ፥ ከመካከላቸው አንዲት የ1961 ፌራሪ ካሊፎርኒያ ስፓይደር አቧራዋ እንኳ ሳይጠረግ ቀርባ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታለች።

ይሁን እንጂ ይህ ምሳሌ ማንንም እንዳያሳስት። ያን ያህል ገንዘብ ያስገኘው አቧራው አይደለም። መኪናይቱ በጥቂት ቁጥር ከተሠሩት ወገን መሆኗ፥ ታሪኳ መታወቁና አካሏ በሌላ እጅ ሳይለወጥ መገኘቱ ነው። ተራ የሆነ መኪና አቧራ ስለ ለበሰ ዋጋው አይጨምርም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ቀለም ራሱ ዕቃ ነው፤ ዋጋም አለው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

2. የጉድፍ ሦስት ክፍሎች

ጉድፍን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በሦስት ክፍል ለይቶ መመልከት ይጠቅማል።

አንደኛው ክፍል የላይ ጉድፍ ነው። በፀሐይ የደበዘዘ ቀለም፥ የእጅ ጭረት፥ በጠጠር የተነደለ ነጥብ፥ የቀለም ሽፋኑን ሳይሰብር የጐደጐደ ትንሽ ሥርጕድ፥ የደበዘዘ ክሮም ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ሁሉ ዐይን ያያቸውና ለማሳመን የማያስቸግሩ ናቸው። የዋጋ መከራከሪያ ይሆናሉ እንጂ ለገዢው የሚያስፈሩ አይደሉም።

ሁለተኛው ክፍል ከሥር የሚመጣ ጉድፍ ነው። ምልክቱ በቀለሙ ላይ የሚታይ አረፋ ወይም ከላሜራ መጋጠሚያ ሥር የሚወጣ ቡናማ እድፍ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፥ እንዲህ ያለው አረፋ ብዙ ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ የገባ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ውጭ የወጣ መሆኑ ነው። ጭቃና ውኃ ከላሜራው ጀርባ ተቋጥረው ብረቱን ከበሉት በኋላ በመጨረሻ በፊቱ በኩል አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል አረፋ ትታያለች። ስለዚህ ውጭ የሚታየው የበሽታው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው ነው።

ሦስተኛው ክፍል የተሸፈነ ጉድፍ ነው። የተበላ ወይም የተጨረመተ ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ፥ ተፍቆና ተቀብቶ ሲቀርብ ጉድፉ አይታይም፤ የሚታየው ውበት ነው። «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው በእውነት እዚህ ላይ ይሠራል። ገዢን የሚያከስረው ከሦስቱ ይልቅ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ ለጉድፉ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ለቀለሙ ዋጋ ይጨምርበታልና።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአንድ ቃል ሊነገር ይችላል፦ የሚታይ ጉድፍ ዋጋው የታወቀ ዕዳ ነው፤ የተሸፈነ ጉድፍ ግን መጠኑ ያልተጻፈበት ዕዳ ነው።

3. ስለ ፀሐይና ስለ ጨው

መኪናው የኖረበት አገር ከመልኩ ይልቅ ይናገራል። በብሪታንያ፥ በሰሜን አውሮፓና በሰሜናዊው የአሜሪካ ክፍል በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ በመንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳል። ይህ ጨው ከውኃ ጋራ ሆኖ በመኪናው ሥር እየገባ ብረቱን ይበላል። በካሊፎርኒያና በአሪዞና ደረቅ ቦታዎች የኖረ መኪና ግን ብረቱ ደኅና ሆኖ፥ ፀሐዩ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ የመስኮቱን ጎማ ያደርቀዋል፤ የመቀመጫውን ቆዳና ከመሪው ፊት ያለውን ሽፋን ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ የተነሣ በገበያ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ከደረቅ አገር የመጣው መኪና አስቀያሚና ጤነኛ፥ ከጨው አገር የመጣው ደግሞ ከተቀባ በኋላ ቆንጆና በሽተኛ ሆኖ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ልምድ የሌለው ገዢ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ዐዋቂው ግን የፊተኛውን ይመርጣል። የደበዘዘ ቀለም በጥንቃቄ ተወልውሎ ወዙ ሊመለስለት ይችላል፤ የተበላ ብረት ግን ተቈርጦ በአዲስ ከመተካት በቀር መድኃኒት የለውም።

4. አንድ ምሳሌ፦ ኤም.ጂ.ቢ.

ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት አንድ የታወቀ መኪና እንውሰድ። ኤም.ጂ.ቢ. የሚባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 የተሠራ ሲሆን ቁጥሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚህም ብዙው ክፍል ወደ አሜሪካ ተልኮ ተሽጧል። ስለዚህ ከላይ እንደ ተናገርነው ከፀሐይ አገርም ከጨው አገርም ይገኛል።

ይህ መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የለውም። አካሉ ራሱ ተበይዶ እንደ ሣጥን የተሠራ ነው። ጣራ የሌለው ዓይነት ደግሞ ኀይሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ከተዘረጋው የደፍ ብረት ነው። የቤት ደፍ ቢሰበር ሰው ተራምዶት ይገባል፤ የዚህ መኪና ደፍ ሲበሰብስ ግን መካከሉ ይጎብጣል። እንግዲህ በደፉ ላይ የምትታይ ትንሽ አረፋ በኮፈኑ ላይ ካለ ትልቅ ጭረት ይልቅ የከበደች ናት።

ገዢው ወይም ወኪሉ መኪናውን ሲዞር እንደሚከተለው ይመልከት።

ሀ) የፊት ፓራፋንጎ። ከፊት መብራቱ ጀርባና ከበሩ ፊት ለፊት በታች በኩል ጭቃ ስለሚጠራቀም በዚያ አረፋ ይበዛል። ይሁን እንጂ የፊቱ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለ ሆነ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። የኋላው ግን የተበየደ ነው፤ ስለዚህ በኋላ ጎማ ቅስት ላይ ያለው ዝገት ከፊተኛው ጋራ እኩል ቢመስልም የጥገናው ድካምና ዋጋ እጅግ ይበልጣል። በቡሎን የታሰረውንና የተበየደውን መለየት የተመን ሥራ እኩሌታ ነው።

ለ) በሮቹ። በዚህ መኪና በር ላይ ከትንሹ የማዕዘን መስታወት ሥር ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ የግጭት ምልክት አይደለም፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ላሜራው ከመድከሙ የተነሣ የሚመጣ፥ በዚህ ዓይነት መኪና የተለመደ ጉድፍ ነው። መጠገኛው ብየዳና ቀለም ስለ ሆነ ዋጋ ይቀነስበታል እንጂ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከዚህ የምንማረው እያንዳንዱ መኪና የራሱ የሆነ የተለመደ ድካም እንዳለውና ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው እንደሚገባ ነው።

ሐ) በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት። ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን ይገባዋል። በላይ በኩል ጠብቦ በታች ከሰፋ አካሉ ጎብጧል ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደ መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርጎ በሩን መክፈትና መዝጋት መልካም ፈተና ነው። መሬት ላይ ሳለ ይዘጋ የነበረው በር ተነሥቶ ሳለ የሚታገል ከሆነ፥ ደፉ ኀይሉን አጥቷል።

መ) ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ወለል። ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ ነው። እስከ 1974 ድረስ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ነበሩበት። አሲድ እየፈሰሰ የባትሪውን ማስቀመጫና አካባቢውን ይበላል። ምንጣፉን ሳይገልጡ ዋጋ መናገር አይገባም።

ሠ) ፓራውልቱ። እስከ 1974 የተሠሩት የክሮም ፓራውልት ያላቸው ሲሆኑ ከዚያ በኋላ የአሜሪካን የደኅንነት ሕግ ለማሟላት ጥቁር የጎማ ፓራውልት ተደረገላቸው። አንዳንድ ባለቤቶች ጎማውን አውልቀው ክሮሙን ያስገጥማሉ። ይህ ለዐይን ያማረ ሆኖ «ያልታደሰ» ለሚለው ቃል ግን እንከን ነው፤ ስለ መጀመሪያነቱ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም።

5. ስለ መመርመሪያ መሣሪያዎች

ዋናው መሣሪያ የቀን ብርሃንና የደረቀ መኪና ነው። በዝናብ ወይም በእጥበት የረጠበ መኪና ድንዛዜውም ሥርጕዱም ስለሚሸፈን ቆንጆ ይመስላል። ስለዚህ የረጠበ መኪና አይቶ መወሰን አይገባም። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ከመኪናው ጫፍ ቆሞ በላሜራው ላይ አሻግሮ መመልከት ነው። ስቱኮ ያለበት ቦታ የብርሃኑ ነጸብራቅ እንደ ውኃ ሞገድ ይወላገዳል።

ሁለተኛው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ነው። ብረት ላይ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይለቃል። ነገር ግን ማግኔት የለቀቀበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠራው ኤም.ጂ.ቢ. ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለ ሆነ ማግኔት አይይዝበትም። የመርሰዲስ 300 ኤስ.ኤልም በሮቹና ኮፈኑ አሉሚኒየም ናቸው። ይህን የማያውቅ ገዢ ደኅናውን ላሜራ ሊጠረጥር ይችላል።

ሦስተኛው የቀለም ውፍረት መለኪያ ነው። መለኪያው ማይክሮን፥ ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል። ከ200 እስከ 300 ከደረሰ እንደ ገና መቀባቱን ያመለክታል፤ ከ500 በላይ ከሆነ ስቱኮ መኖሩን መጠርጠር ነው። ሆኖም ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይበልጥ ይናገራል። መኪናው ሁሉ 120 አካባቢ ሆኖ አንዱ ጎን ብቻ 400 ቢያነብ፥ ያ ጎን ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን በላሜራ መጋጠሚያ ላይ ፋብሪካው ራሱ እርሳስ አቅልጦ ይሞላባቸው የነበሩ መኪኖች አሉ፤ ከ1961 እስከ 1974 የተሠራው የጃጓር ኢ-ታይፕ ከእነዚህ አንዱ ነው። በእንዲህ ያሉት መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ የሚታይ ከፍተኛ ቁጥር ገዢውን ሊያስደነግጠው አይገባም።

አራተኛው ዐይን የማያዘወትራቸውን ቦታዎች መመልከት ነው። የኮፈኑ ውስጥ፥ የዕቃ መጫኛው ወለልና ከምንጣፉ ሥር ያለው ላሜራ ቀለማቸው ከውጩ ጋራ አንድ መሆን አለበት። በመስኮት ጎማ ጠርዝ ላይ ወይም በሽቦዎች ላይ የተረጨ የቀለም ብናኝ ከተገኘ፥ መኪናው ሳይፈታ ተሸፋፍኖ ብቻ የተቀባ ነው።

6. አካላቸው ከሌላ ነገር ስለ ተሠራ መኪኖች

የአሜሪካው ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ አካሉ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው። አካሉ አይዝግም፤ ስለዚህ ማግኔት ምንም አይነግረንም። እዚህ ላይ የሚመረመረው ስንጥቅ ነው። በቀለሙ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ የላይ ጉድፍ ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ኮከብ የሚበተን ስንጥቅ ግን የመመታት ምልክት ስለ ሆነ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። አካሉ ባይዝግም ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲ እንደሚዝግ ሊዘነጋ አይገባም።

ፖርሼ 911 ከ1976 ሞዴል ጀምሮ አካሉ በዚንክ በተለበጠ ብረት የተሠራ ስለ ሆነ ዝገትን ይበልጥ ይቋቋማል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው መኪና ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ዝገት ከታየ፥ ያ ቦታ አንድ ጊዜ ተመትቶ የተጠገነ እንዳይሆን መጠየቅ ይገባል።

ስለ ክሮምም አንድ ቃል እንጨምር። የብረት ፓራውልት የክሮም ሽፋኑ ቢላጥ እንደ ገና ሊለበጥ ይችላል። የበር እጀታዎችና ጌጦች ግን ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅልቅል የተቀለጡ ስለ ሆኑ ገጻቸው በትንንሽ ጉድጓድ ከተበላ መጠገናቸው አስቸጋሪ ነው። እንዲሁም ብዙ ያልተሠራ መኪና ከሆነ የጐደለ ጌጥ ከተጨረመተ ላሜራ ይልቅ ይከብዳል። ላሜራን ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ ያቀናዋል፤ የማይሠራን ጌጥ ግን ከየት ያመጡታል? ለኤም.ጂ.ቢ. ይህ ችግር አነስተኛ ነው፤ ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አካሉ እንኳ በእንግሊዝ አገር እንደ ገና ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧልና።

7. በደብዳቤ ስለሚጠየቁ ነገሮች

መኪናው በሩቅ አገር የሚገኝ ሲሆን ምርመራው የሚጀምረው ከጽሕፈት ቤት ነው። ለወኪል የሚጻፈው ደብዳቤ «መኪናው እንዴት ነው?» የሚል ከሆነ መልሱ «መልካም ነው» ይሆናል። ጥያቄው የተወሰነ ሲሆን ግን መልሱም ይወሰናል። ለናሙና ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለክቡር ወኪላችን። የጻፉልንን መኪና ለመግዛት ከመወሰናችን በፊት የሚከተለውን እንዲፈጽሙልን በትሕትና እንለምናለን። የመኪናውን መለያ ቁጥር ከሳህኑ ላይ አንብበው እንዲልኩልን። መኪናው ደረቅ ሳለ በቀን ብርሃን ከአራቱ ማዕዘን፥ ሁለቱን ደፎች ከቅርብ፥ አራቱን የጎማ ቅስቶች፥ የኮፈኑን ውስጥ፥ ምንጣፉ ተነሥቶ ወለሉንና ከሥሩ ሆነው ሆዱን ፎቶግራፍ እንዲያነሡልን። የቀለሙን ውፍረት በእያንዳንዱ ላሜራ ላይ በሦስት ቦታ ለክተው በዝርዝር እንዲጽፉልን። ያልመረመሩት ቦታ ቢኖር ‹አልመረመርሁም› ብለው እንዲያስታውቁን።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ የበለጠች ናት። ወኪል ያላየውን እንዳላየ ለመናገር ካልተፈቀደለት እንዳየ አድርጎ ይጽፋልና።

የሻጩንም ቃል አጥርቶ ማንበብ ያስፈልጋል። «ዝገት የለበትም» እና «የማውቀው ዝገት የለም» የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው ሻጩ እንዳልመረመረ ይናገራል። «እንዳለ ይሸጣል» የሚለው ቃል ከግዢ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት እንደማይኖረው ማስጠንቀቂያ ነው። «የመጀመሪያው ቀለም» ሲባል ደግሞ የመጀመሪያው ቅብ ነው ወይስ የመጀመሪያው የቀለም ዓይነት እንደ ገና ተቀብቶ? ይህ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል። ለኤም.ጂ. መኪኖች በእንግሊዝ አገር በጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም መኪናው የተሠራበትን ቀንና ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ወረቀቱ አረንጓዴ እያለ መኪናው ቀይ ሆኖ ከቀረበ፥ «ያልታደሰ» የሚለው ቃል በዚያው ወደቀ።

8. ጉድፍን ወደ ገንዘብ ስለ መለወጥ

የተሰበሰበው መልስ በሦስት ዓምድ ይጻፍ። በመጀመሪያው የታየና ዋጋው የታወቀ ጉድፍ፥ በሁለተኛው ምልክቱ ታይቶ መጠኑ ያልታወቀ፥ በሦስተኛው ፈጽሞ ያልተመረመረ። የመጀመሪያው በጥገናው ዋጋ ይቀነሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ሊደርስ በሚችለው ክፉ ዋጋ መቈጠር አለባቸው እንጂ በተስፋ መታለፍ የለባቸውም።

ስሌቱን ለማስረዳት ብቻ የሚከተለውን ምሳሌ እናስቀምጥ። በደኅና ሁኔታ የሚገኝ አንድ ዓይነት መኪና 14,000 ፓውንድ ያወጣል እንበል። ሁለት መኪኖች ቀርበዋል። የመጀመሪያው ከደረቅ አገር የመጣ፥ ቀለሙ የደበዘዘ፥ በሩ የተሰነጠቀ፥ ፓራውልቱ የደበዘዘ ሆኖ 8,000 ይጠየቅበታል። በሩን ለማስጠገን 400፥ ፓራውልቱን ለማስለበጥ 600፥ ሥርጕዱን ለማቅናት 200 ቢወጣ፥ ጠቅላላው 9,200 ይሆናል። ከማጓጓዣና ከኮሚሲዮን በፊት 4,800 ፓውንድ ይተርፋል።

ሁለተኛው አዲስ ቀለም የተቀባና የሚያብረቀርቅ ሆኖ 11,000 ይጠየቅበታል። ከተገዛ በኋላ ግን ሁለቱም ደፎች በስቱኮ የተሞሉ ሆነው ተገኙ እንበል። ደፎቹን ቈርጦ ለመተካት 5,000፥ የኋላ ቅስቶቹን ለመበየድ 2,000፥ የብየዳው እሳት አዲሱን ቀለም ስለሚያቃጥለው እንደ ገና ለመቀባት 5,000 ቢፈጅ፥ ጠቅላላው 23,000 ይደርሳል። ኪሣራው 9,000 ፓውንድ ነው። ገዢው ለቀለሙ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ አንድ ጊዜ ለሻጩ፥ አንድ ጊዜ ለጋራዡ። የሁለቱም መኪኖች የመጀመሪያ ልዩነት 3,000 ፓውንድ ብቻ የነበረ ሲሆን የመጨረሻ ውጤታቸው 13,800 ፓውንድ ተራራቀ።

9. ከግዢ በኋላ

መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚያጋጥመው ፈተና ለማሳመር መቸኰል ነው። አሮጌው ቀለም በብርቱ መወልወያ ቢታሽ በላሜራው ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ያልቅና ብረቱ ይታያል። በጥቂት ቦታ ላይ ያለውን ጭረት ለማጥፋት መኪናውን በሙሉ መቀባትም የተገዛበትን ምክንያት ማጥፋት ነው። ይልቁንስ ዝገትን የሚያመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ማቆም፥ ማለት የተቋጠረውን ጭቃ ማጠብ፥ የተደፈነውን የውኃ መውረጃ መክፈት፥ የተነደለውን ነጥብ በትንሽ ብሩሽ መሸፈንና ደረቅ ቦታ ማቆም ይበቃል። የቀረው የዕድሜ ወዝ እንደ ሆነ ይቆይ። የሚቀጥለው ገዢ ራሱ መቀባት ቢፈልግ ይቀባዋል፤ እንዳለ ቢፈልገው ግን እንዳለ ያገኘዋል። ሁለቱንም ገዢ ሊያስደስት የሚችል ዕቃ ከአንዱ ብቻ ከሚስማማው ዕቃ ይልቅ ለሽያጭ የተመቸ ነው።

በአጭሩ የተነገረውን ስንጠቀልለው፦ መኪናው የኖረበትን አገር ከመልኩ አስቀድሞ መጠየቅ፤ አረፋን ከጭረት፥ የተበየደውን በቡሎን ከታሰረው መለየት፤ ያማረውን ላሜራ ከጐደፈው ይልቅ አጥብቆ መመርመር፤ ያልታወቀውን በክፉው ዋጋ መቈጠር፤ የመጀመሪያውንም ቀለም እንደ ዕቃ መጠበቅ ነው። ይህን ሥርዓት የያዘ ነጋዴ የጐደፈ መኪና ሲያይ አይሸሽም፤ ያማረም ሲያይ ምንጣፉን ገልጦ፥ ደፉን ዳስሶ ሳይጨርስ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም።